ነፋስ የማይገባበት ጋራዥ

ሀገር ቤት በአውቶቡስ የሄደ ሰው ይህን ያውቀዋል። ስድሳ ሰው ተጨናንቆ፣ ላብ በየግንባሩ እየወረደ፣ አንዱ ደፋር መስኮቱን በሁለት ጣት ስፋት ከፈት ያደርጋል። ወዲያው ከኋላ ወንበር «ዝጋው እንጂ ወንድሜ፣ በነፋስ ልታስመታን ነው እንዴ?» የሚል ድምፅ ይሰማል። ያ ድምፅ የእኔ ነው። የእኔ ባይሆንም የእኔ ቢጤ ነው።

ጅቡቲ መኖር ከጀመርኩ ሃያ ሁለት ዓመት ሆነኝ። በዚህ ከተማ ሰው ነፋስን እንደ ዘመድ ነው የሚቀበለው። ከባሕሩ በኩል ትንሽ ሽው ሲል ወንበሩን ወደ ደጅ አውጥቶ፣ የሸሚዙን ቁልፍ ፈትቶ ደረቱን ይሰጠዋል። እኔ አንገቴን በፎጣ ጠቅልዬ ግድግዳ ጥግ እቀመጣለሁ። ሐኪም መክሮኝ አይደለም። የወገብ ሕመም፣ የጥርስ ሕመም፣ የአንገት መገተር ሁሉም ከነፋስ እንደሚመጣ ማንም ሳያስተምረኝ ነው የማውቀው። እናንተም ታውቁታላችሁ፣ አትሳቁ።

ይህን ያስቀደምኩት በኋላ የሠራሁትን ስትሰሙ ሰውየው አብዷል እንዳትሉ ነው። አላበድኩም። አስተዳደጌ ነው።

የምሠራው ወደቡ አጠገብ ባለ የጭነት መጋዘን ውስጥ ነው። ትምህርት ያቆምኩት ሰባተኛ ክፍል ላይ ሲሆን ከዚያ ወዲህ ያወቅሁትን ሁሉ ያወቅሁት እያየሁ፣ እያበላሸሁና እንደገና እየሠራሁ ነው። መብራት እዘረጋለሁ፤ ቧንቧ እጠግናለሁ፤ ግድግዳ እለስናለሁ፤ ፈረንሳይኛም ቢሆን ከካርቶን ላይ እያነበብኩ ነው የተማርኩት። በዚህ እኮራለሁ። ነገር ግን ራሱን በራሱ ያስተማረ ሰው አንድ ጉድለት አለበት፤ አስተማሪው አንድም ቀን ተሳስተሃል ብሎት አያውቅም።

የነገሩ መነሻ ትልቋ ልጄ ምሕረት ናት። ሃያ ዓመቷ ነው፤ ልብስ ስፌት ሁለት ዓመት ተምራለች። እናቷ ሄሮን በሚባለው የሀብታሞች ሰፈር ሰው ቤት ተቀጥራ ዘጠኝ ዓመት አድራለች፤ የሌላ ሰው ልጅ አሳድጋ፣ የሌላ ሰው አንሶላ ተኩሳ፣ በዓልን በሌላ ሰው ኩሽና አሳልፋ የወጣች ሴት ናት። ልጇ ያንኑ በር እንዳታንኳኳ ምላለች። እኔም ምያለሁ። ስለዚህ ምሕረት የስፌት መኪናዋን ቤታችን ጥግ ላይ ካስቀመጠች ጀምሮ ሁላችንም የመጀመሪያውን ሥራ እንጠብቅ ነበር።

ሥራውን ያመጡት አከራያችን ማማ ሐዋ ናቸው። ማማ ሐዋ ሶማሌ ሲሆኑ ያደጉት ድሬዳዋ ስለሆነ አማርኛቸው ከእኔ አማርኛ ይፈጥናል፤ አንቱ ማለት ግን አይሆንላቸውም፤ ፕሬዚዳንት ቢመጣም አንተ ነው የሚሉት። የመጨረሻ ሴት ልጃቸው ልታገባ ስለነበር ለሙሽራዋና ለአራት አክስቶቿ አምስት ድራዕ እንድትሰፋ ምሕረትን አዘዟት። ድራዕ እዚህ ሀገር ሴቶች ለሰርግ የሚለብሱት ሰፊና ረጅም ቀሚስ ነው፤ ከሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ ጨርቅ ነው፤ ትንፋሽም የሚያቆሽሸው ይመስላል። በሰርግ ላይ አምሮ የታየ ልብስ የሰፋች ልጅ ስሟ በአንድ ቀን ሰፈራችንን ካርቲየ 4ን ያዳርሳል። ያበላሸችም ስሟ ያዳርሳል፤ እንዲያውም ይፈጥናል።

ቤታችን ሁለት ክፍል ነው። አምስት ሰው ይኖርበታል። እንዲህ ያለ ጨርቅ እዚያ ሊቆረጥ አይችልም። ማማ ሐዋ ይህን አይተው ግቢው ውስጥ ያለውን ጋራዥ ውሰዱት አሉ። ሟቹ ባላቸው ታክሲ ነጂ ነበሩ፤ መኪናቸውን የሚያሳድሩበት ክፍል ነው። ታክሲው ከተሸጠ ወዲህ ባዶውን ነበር። ግድግዳው ያልተለሰነ ብሎኬት፣ ጣሪያው ቆርቆሮ፣ በሩ ባለ ሁለት ተካፋች ላሜራ፣ ወለሉ ዘይት የጠጣ ሲሚንቶ ነው። ከግድግዳው ጫፍ፣ ከጣሪያው ሥር፣ በሁለት በኩል ባለ ቀዳዳ ብሎኬት ተደርድሯል። ቀዳዳዎቹን ቆጥሬያቸዋለሁ፤ አርባ ሁለት ናቸው። አርባ ሁለት የነፋስ መግቢያ ማለት ነው።

ምሕረት ክፍሉን ዞር ዞር ብላ አየችና «አባባ፣ እንዳለ ይበቃኛል። ይጠረግና ጠረጴዛ ይግባልኝ» አለችኝ።

እንግዲህ እኔ ግማሽ ሥራ አልወድም። ልጆቼ ይህን ንግግር በቃላቸው ይዘውታል፤ እኔ ግን እንደ አዲስ ጀመርኩላት። ሰው የሚሠራበት ቦታ ሰውየውን ይመስላል አልኳት። ጨርቅ ያመጣች ሴት መጀመሪያ የምታየው ግድግዳውን ነው አልኳት። ሰርጉ አምስት ሳምንት ቀርቶታል፤ ሁለቱን ለእኔ ስጪኝ፣ ሦስቱ ለአንቺ ይበቃሻል አልኳት። እሺ አለች። ልጆቼ እሺ ማለት ይችላሉ፤ እኔ ነኝ ያስተማርኳቸው።

መጀመሪያ ወለሉን ሠራሁ። ዘይቱን በጋዝና በሳሙና ፈግፍጌ፣ ከላዩ አዲስ ሲሚንቶ አፍስሼ፣ እንደ መስታወት አለሰለስኩት። እንዲደርቅ በሩን ገርበብ አድርጌ ፊቴን ልታጠብ ሄድኩ። በዚህ ከተማ ፍየሎች የራሳቸውን ኑሮ የሚኖሩ ዜጎች መሆናቸውን ረስቼ ነበር። ስመለስ ሦስት ፍየሎች መሐል ወለሉ ላይ ቆመው የሲሚንቶ ከረጢቱን ወረቀት እየበሉ ነው። ሳባርራቸው በመጡበት መውጣት ትተው ክፍሉን አንድ ጊዜ ዞሩት። ዱካቸው እስከ ዛሬ አለ። ባለቤቴ ከምንጣፍ ይሻላል፣ አይቆሽሽም አለችኝ።

እሷው ናት ግንበኛ ጥራ ብላ የለመነችኝ። ጠራሁ። ከሐረርጌ የመጣ፣ እጁ የሚያስቀና ሰው ነበር። ነገር ግን ቀትር ላይ የጫቱ መኪና መግባቱ በሰፈሩ ሲሰማ መሣሪያውን ከነሲሚንቶው ጥሎ ይሄዳል፤ ቅርብ ሰው የሞተበት ነው የሚመስለው። በሁለተኛው ቀን ወደ ቀዳዳዎቹ ቀና ብሎ አየና እነሱን አትንካቸው፣ ቤቱ የሚተነፍሰው በነሱ ነው አለኝ። እኔ የተረዳሁት ሥራ ሊቀንስ መፈለጉን ነው። ስለ ጫት አስር ደቂቃ መክሬ አሰናበትኩት። ምክሩ ጥሩ ነበር። ሰውየው ደግሞ ልክ ነበር። ሁለቱ አብረው ሊሆኑ እንደሚችሉ ያኔ አልገባኝም።

ቀዳዳዎቹን እኔው ራሴ መድፈን ጀመርኩ። ምሕረት ከታች ሆና ሲሚንቶውን ታቀብለኝ ነበር። አምስተኛው ላይ ስደርስ «አባባ፣ አየሩ በየት ይገባል ብለህ ነው?» አለችኝ። አየር በበር ይገባል፣ በከፍታ የሚገባው ነፋስ ነው፣ ነፋስ ደግሞ አቧራ ይዞ ጨርቅሽ ላይ፣ ብርድ ይዞ ጀርባሽ ላይ ያርፋል አልኳት። ቴርሞሜትር ቢኖር ሠላሳ ስምንት ይል ነበር። ብርድ የሚለው ቃል ከአፌ ሲወጣ ላቤ ዓይኔ ውስጥ ገብቶ ነበር፤ ሆኖም ቃሉን አልመለስኩትም።

ቀጥሎ ኮርኒስ። አዲስ አበባ ቤት ተሠራ የሚባለው ኮርኒሱ ሲመታ ነው፤ ከዚያ በፊት መጠለያ ነው። ቆርቆሮ ራሱን አራቁቶ የሚታይበት ቤት ውስጥ ልጄን አላስቀምጥም ብዬ ለጓደኛዬ ለታደሰ ላክሁበት። ታደሰ የአዲስ አበባና የጅቡቲ መንገድ ላይ ከባድ መኪና የሚነዳ፣ ቁም ነገር የማይወጣው የሚመስል ግን ቁም ነገረኛ ሰው ነው። ችፑዱን ከአዳማ ጭኖልኝ መጣ፤ እያወረደ ወደ ጋራዡ ውስጥ አየት አደረገ።

«ማቀዝቀዣ ልትገጥም ነው?» አለኝ።

«አይደለም።»

«ታዲያ ሰው ልትጠብስ ነው?»

የሾፌር ቀልድ ነው ብዬ አለፍኩት። ምሕረት ግን ሰምታ ኖሮ፣ ታደሰ ሲሄድ፣ ችፑዱ እርጥበት ይችላል ወይ ብላ በእርጋታ ጠየቀችኝ። ልጅ ሆኜ ያደግሁበት ቤት ኮርኒሱ ችፑድ እንደነበረና አሁንም ድረስ እንደቆመ ነገርኳት። ያ ቤት ያለው ደብረ ብርሃን መሆኑን አልነገርኳትም። እኔም አላሰብኩትም።

ኮርኒሱን የመታነው እኔና ባለቤቴ ነን። እኔ በርሜል ላይ ቆሜ ምስማር እመታለሁ፤ እሷ ከታች በመጥረጊያ እንጨት ሰሌዳውን ደግፋ ትይዛለች። ሰሌዳው ሰፊ፣ እንጨቱ ቀጭን፣ እሷም አጭር ናት። በሦስተኛው ሰሌዳ ላይ በራሷ መደገፍ ጀመረች። «ሄሮን ሰው ቤት ስሠራ ብዙ ነገር አሸክመውኛል፤ ጣሪያ ግን አላሸከሙኝም» አለችኝ። እኔ ደግሞ የምሠራው ከመጋዘን ከተመለስኩ በኋላ ነበር፤ ከተማው በሙሉ በሩን ዘግቶ በሚተኛበትና በሚቅምበት ሰዓት መሆኑ ነው። አጥር ተጋርተን የምንኖር ጎረቤቶቻችን መዶሻውን አራት ቀን ታገሡና በአምስተኛው መልእክት ላኩብን። ሰውየው መርከብ እየሠራ ከሆነ ባሕሩ በዚያ በኩል ነው በሉት የሚል ነበር።

ከዚያ ግድግዳውን ለስኜ ሳይደርቅ የዘይት ቀለም ቀባሁት፤ ውሃ ሰማያዊ። ሁለቱ ሳምንት አልቆ ከምሕረት ሦስት ሳምንት ላይ መብላት ጀምሬ ስለነበር ቸኮልኩ። የመጨረሻው ሥራ በሩ ነበር። በበሩ ሥርና በጎኑ ክፍተት አለ፤ ከታደሰ ያገኘሁትን የከባድ መኪና ጎማ የውስጥ ላስቲክ ቆራርጬ ዙሪያውን መታሁት። በሩ ሲዘጋ እንደ ፍሪጅ እፍን ብሎ ይዘጋል። ምሕረት ለሦስተኛ ጊዜ፣ አሁንም በእርጋታ፣ «አባባ፣ ላስቲኩ እንኳ ቢቀር?» አለችኝ። ፍየል ያየሽ መስሎኝ አልኳት። ፍየልና ላስቲክ ምን እንደሚያገናኛቸው እኔም አላውቅም፤ ግን የአባት ድምፅ ነበረው፣ በቃ።

ሲያልቅ ሁሉንም ሰብስቤ አስመረቅሁ። ስለ ትጋት ጥቂት ቃል ተናገርኩ። ማማ ሐዋ ገብተው መሐሉ ላይ ቆሙ፤ በሻርፓቸው ፊታቸውን አራገቡ፤ ግድግዳውን በጣታቸው ነኩ፤ ጣታቸው ሰማያዊ ሆነ። «ማሻአላህ፣ ሐማም ሠራህ እኮ አቦ» ብለው ወጡ። ሐማም የእንፋሎት መታጠቢያ ነው፤ ንጹሕ ቦታ ነው። አመሰገንኳቸው።

ምሕረት ሥራ ጀመረች። በሩን ከፍታ ስትሠራ ፍየሎቹ አንገታቸውን እያስገቡ ጨርቁን ያሸታሉ፤ ስትዘጋው ቬንቲሌተሩ ያንኑ ትኩስ አየር ከግድግዳ ግድግዳ ያመላልሰዋል። ላቧ ጨርቁ ላይ እንዳይንጠባጠብ ክንዶቿን በፎጣ፣ ግንባሯን በሻሽ ታስር ነበር። ጎህ ሲቀድ ገብታ ረፋዱ ላይ ስትወጣ ከባሕር የወጣች ትመስላለች። እንዴት ነው ስላት «ጥሩ ነው አባባ፣ ንጹሕ ነው» ትለኛለች። እኔ የምሰማው ጥሩ የሚለውን ነው። ቅሬታ የማታበዛ ልጅ ማሳደጌን ለባለቤቴ እየነገርኩ በራሴ ተደሰትኩ። ባለቤቴ አየችኝ፤ የዚያ ዓይነት አስተያየት ያገቡ ወንዶች ያውቁታል።

ሰርጉ ስድስት ቀን ሲቀረው አምስቱም ድራዕ አልቀው፣ ተተኩሰው፣ ከኮርኒሱ ሥር በተዘረጋ ገመድ ላይ ተሰቀሉ። የሙሽራዋን ብቻ በፕላስቲክ ሸፍናዋለች። እኔ በሩን በደንብ ዝጊው፣ አቧራ እንዳይገባ አልኳት። ዘጋችው።

በማግሥቱ ዓርብ ነበር፤ ሥራ የለም። ጠዋት ተነስቼ በሩን የከፈትኩት እኔ ነኝ። መጀመሪያ የወጣው ሽታ ነው፤ ዝናብ ላይ ያደረ ገለባ ሽታ። ከዚያ ኮርኒሱን አየሁት። እንደ እርጉዝ ላም ሆድ ወደ ታች ተንጠልጥሏል። አንዱ ሰሌዳ ጨርሶ ወድቆ ገመዱ ላይ ተጋድሟል፤ ከሌሎቹ ደግሞ፣ በየምስማሩ ሥር፣ ቡናማ ውሃ ጠብ ጠብ ይላል። ሻይ የሚመስል ውሃ ነው። አራቱ ድራዕ ላይ፣ ከትከሻ እስከ ጫፍ፣ ሻይ ተረጭቷል።

ዝናብ ካየን ወራት አልፈው ነበር። በርሜሉ ላይ ወጥቼ ቆርቆሮውን በክፍተቱ ዳሰስኩት፤ በውስጥ በኩል ጠብታዎች ተደርድረው አገኘሁ። ያኔ ገባኝ። ያልደረቀው ሲሚንቶ፣ የካውያው እንፋሎት፣ የልጅቷ ትንፋሽና ላብ ቀን ቀን ወደ ላይ ወጥቶ መውጫ አጥቶ ይከማቻል፤ ሊነጋጋ ሲል ቆርቆሮው ሲበርድ ውሃ ሆኖ ችፑዱ ላይ ይወርዳል። ሰላሳ ዓመት ያንን ሁሉ ጠርጎ ሲያወጣው የኖረው በአርባ ሁለቱ ቀዳዳ የሚገባው ነፋስ ነበር። እኔ ግን ጠራጊውን በር ዘጋሁበት።

ምሕረት መጣች። አልጮኸችም። ልብሶቹን አንድ በአንድ አወረደች፤ ወደ ብርሃን እያነሳች አየች፤ «የሙሽራዋ ተርፏል» አለች። ከዚያ ወለሉ ላይ ቁጭ አለችና፣

«አባባ፣ ማን ነው የሚነግራቸው?» አለችኝ።

ምን ይሻላል አላለችም። ማን ይነግራቸዋል ነው ያለችው። ለዚህ ሥራ ስሟን የሰጠችው እሷ ናት። ማማ ሐዋ ጋር ሄዳ አራት አክስቶች የሚለብሱት የላቸውም የምትለው እሷ ናት። ከዚያ በኋላ በካርቲየ 4 ጨርቋን ለምሕረት የምትሰጥ ሴት አትኖርም፤ እናቷ የወጣችበት የሄሮን በር ደግሞ ሁልጊዜ ሰው ይፈልጋል።

ባለቤቴ ከኋላችን ቆማ ጣሪያው አፈሰሰ እንበል አለች። ጣሪያው የእነሱ ነው። ደግሞ ውሸት አይደለም፣ ውሃው የመጣው ከጣሪያው ነው አለች።

እኔ በቤቴ ውስጥ ውሸትን በቀበቶ ሳይቀር የተዋጋሁ ሰው ነኝ። ትንሹ ልጄ የሰው እርሳስ ይዞ ቢመጣ ማታውኑ ይዤው ሄጄ ያስመለስኩ፣ ጥፋታችሁን ሳትጠየቁ ተናገሩ እያልኩ ያሳደግሁ ሰው ነኝ። ባለቤቴ ይህን ስትል እቆጣለሁ ብለው ሁለቱም ጠበቁ። አልተቆጣሁም። ያልተቆጣሁት ሐሳቡ ስለጣፈጠኝ ነው። እውነቱን ልንገራችሁ ብዬ ነው የጀመርኩት፤ እውነቱ ይህ ነው።

እኔ እነግራቸዋለሁ ብዬ ግቢውን አቋርጬ ሄድኩ። ማማ ሐዋ በረንዳቸው ላይ ሆነው የሰርግ ሩዝ ይለቅማሉ። ፊታቸው ቆምኩ።

«ማማ ሐዋ፣ ጣሪያው...» አልኩ።

ከዚህ በላይ አላስፈለገኝም። ሰፌዱን አስቀመጡና ጣሪያው አፈሰሰ፣ አይደል? አሉኝ። ሟቹን ለውጠው እያልኩ ስንት ዓመት ለምኜዋለሁ አሉ። ልብሶቹ ተበላሹ? አሉ፤ ራሴን ነቀነቅሁ። ይቅር በለኝ፣ የልጅቷን ልፋት እኔ ነኝ ያበላሸሁባት አሉ። ዛሬውኑ ለእህቶቼ ጥፋቱ የእኔ ቤት ነው ብዬ እነግራቸዋለሁ፣ ከሰርጉ በኋላ ደግሞ ጣሪያውን በሙሉ አስነሳዋለሁ አሉ። አዛውንት ሴት ቆመው እኔን ይቅርታ ጠየቁኝ።

ነገሩ አለቀ ማለት ነው። የልጄ ስም ተረፈ። እኔ የተናገርኩት አንዲት ቃል ብቻ ናት፤ እሷም ብትሆን ውሸት አይደለችም። አመሰግናለሁ ብዬ ዞር ስል ምሕረት የተበላሹትን ልብሶች በሳፋ ይዛ ከኋላዬ ቆማለች። አልገሰጸችኝም፤ ልጄ አትገስጸኝም። መሬት መሬት ነበር የምታየው። አባቷ ሲዋሽ ላለማየት ዓይኗን ያሸሸች ነው የመሰለኝ። ከገሰጸችኝ ይሻል ነበር።

«ጣሪያው አይደለም» አልኩ ወደ ማማ ሐዋ ተመልሼ። «ጣሪያዎ ደህና ነው፣ እንዳያስነሱት። እኔ ነኝ። ቀዳዳዎቹን የደፈንኳቸው እኔ ነኝ። ምሕረት ተው ብላኛለች።»

ማማ ሐዋ ምሕረት የያዘችውን ሳፋ አዩ።

«ስንት ጊዜ ነገረችህ?»

«ሦስት ጊዜ።»

«ሦስት ጊዜ ነግራህ፣ እምቢ ብለሃት፣ ከዚያ እዚያው ገብታ ሰፋችልኝ?»

«አዎ።»

«እኔ ብሆን አንድ ጊዜ ነበር የምነግርህ። ከዚያ በሩን ገንጥዬ ነበር የምወጣው።» ወደ ምሕረት ዞሩና ሳፋውን ከእጇ ተቀበሏት። «ነይ ልጄ። በዚያ ሐማም ውስጥ ሆነሽ እንዲህ ያለ ስፌት የሰፋሽ ልጅ፣ ነፋስ ብታገኚ ምን ልትሠሪ ነው?»

ወደ ውስጥ አስገብተው ሣጥናቸውን ከፈቱላት። እዚህ ሀገር ሴቶች በየሰርጉና በየወሊዱ የሚሰጣጡትን የድራዕ ጨርቅ ሳያሰፉ ያስቀምጣሉ፤ የማማ ሐዋ ሣጥን ሲከፈት ቤቱ ቀለም በቀለም ሆነ። አራት ጨርቅ አስመረጧት። ስፌቱም በእሳቸው ግቢ፣ ለሰርጉ በተጣለው ዳስ ሥር እንዲሆን ወሰኑ። በዚያ በኩል የባሕሩ ነፋስ ቀጥ ብሎ ይገባል፤ ቀላል ጨርቅ ጠረጴዛ ላይ አያስቀምጥም።

«አንተ ደግሞ ቁጭ ብለህ ጨርቁን ትይዝላታለህ» አሉኝ።

እንግዲህ ይህን ሥዕል በዓይናችሁ አምጡት። አምስት ቀን ሙሉ ከሰዓት ከሰዓት፣ ሃምሳ ዓመት ያለፈው፣ ቤቱ ሲገባ ልጆቹ ከመቀመጫቸው የሚነሱለት ሰው፣ በሮዝና በቢጫ ጨርቅ ጫፍ ላይ ሁለት እጁን ዘርግቶ ተቀምጧል። ነፋሱ በጀርባው ይገባል። ፎጣ ልጠቀልል ብል እጅ የለኝም። ሩዝ የሚለቅሙት ሴቶች በሶማሊኛ አንድ ነገር ይሉና ይሳሳቃሉ፤ ሶማሊኛ መቻሌን የረሱ አስመስለው ነው። ምሕረት አልፎ አልፎ «አባባ፣ ወደ ግራ ሳብ» ትላለች፤ እስባለሁ። ባለቤቴ ደግሞ በጎን የተበላሹትን በሎሚና በጨው እያሸች ሁለቱን አዳነቻቸው። ከሁሉ የሚያሳፍረኝ ነገር ግን ሌላ ነው። ወገቤን እጠብቀው ነበር፤ አንገቴን እጠብቀው ነበር። ምንም አልታመምኩም። እንዲያውም ሌሊት ጥሩ እንቅልፍ ተኛሁ።

ሰርጉ ደረሰ። አምስቱም ልብሶች ደረሱ። እኔ ከወንዶቹ ጋር ከዳሱ ውጭ ተቀምጬ ሳለሁ አንዲት ደልደል ያሉ ሴት ምሕረትን ክንዷን ይዘው ከሴቶቹ መሐል አወጧት። ራስ ዲካ ሰፈር የሚኖሩ የሙሽራው አክስት ናቸው። በዳሱ መጋረጃ በወዲያ በኩል ሆነው ይነጋገራሉ፤ እኔን አያዩኝም። ለሦስት ልጆቻቸው ልብስ ሊያሰፉ እንደሚፈልጉ ነገሯት። የምትሠሪበት ቦታ አለሽ ወይ አሏት። አለኝ፣ አባቴ እያስተካከለልኝ ነው አለች።

 ወሬ እዚህ ሰፈር እግር አያስፈልገውም።

«አባትሽ ያ ሰውዬ ነው?»

«አዎ፣ እሱ ነው።»

«አሁንስ ይሰማሻል?»

የሻይ ብርጭቆዬን አፌ አጠገብ ይዤ ቀረሁ።  ምሕረትም እንደ እኔ እውነት መናገር ትወዳለች፤ ያ ደግሞ አንዳንዴ ለአባት ይከብዳል።

«ከአራተኛው ጊዜ ጀምሮ ይሰማል» አለች።

ሴትየዋ ሲስቁ ሰማሁ። ጨርቁን ቅዳሜ አመጣለሁ አሏት።

ቀዳዳዎቹን ስለ መክፈቱ ብዙ አላወራችሁም፤ ደክሞኛል። በሕይወቴ ብዙ ሲሚንቶ አቡክቻለሁ፤ ግማሹ ተሰነጣጥቋል፣ ግማሹ ተልጧል። አርባ ሁለቱ ቀዳዳ ውስጥ እንደገባው ያለ የጠነከረ ሥራ ግን ሠርቼ አላውቅም። ዘጠኝ ቀን ከሰዓት በኋላ ፈጀብኝ፤ ሁለት መሮ ተሰበረብኝ፤ ጎረቤቶቼም መርከቡ ሰመጠ ወይ ብለው ላኩብኝ።

ስለ መጀመሪያው ቀን ብቻ ልናገር። ከመጋዘን መጥቼ መሮና መዶሻዬን ይዤ ገባሁ። ምሕረት በተከፈተው በር አጠገብ ጠረጴዛዋን አድርጋ፣ የሴትየዋን ጨርቅ ዘርግታ፣ ጠርዙን እያጠፈች ትወጋዋለች። በርሜሉ ላይ ወጣሁና መዶሻውን አነሳሁ። ከዚያ መልሼ አወረድኩት።

«በየትኛው በኩል ልጀምርልሽ?» አልኳት።

ሃያ ዓመት አሳድጌያታለሁ፤ አንድ ነገር ስጠይቃት የመጀመሪያዬ ነበር ብል ብዙ አላጋነንኩም። እሷም የገረማት መሰለኝ፤ ቀና ብላ አየችኝ። አፏ ውስጥ አምስት ስድስት ስፒል ይዛ ስለነበር መልስ መስጠት አልቻለችም። በእጇ ቆይ የሚል ምልክት አሳየችኝና ወደ ጨርቁ ተመለሰች። አንዱን ስፒል ወጋች፤ ሁለተኛውን ወጋች፤ አልቸኮለችም።

እኔም በርሜሉ ላይ እንደቆምኩ ጠበቅኋት።